ጽዳትና ንጽሕና፦ ስለ ታጠበ ቀለህ

«ንጹሕ» የሚለው ቃል በቋንቋችን ውስጥ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ሥራው የጓዳ ነው፤ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ እድፉ ተነሥቶ የተቀመጠ ዕቃ ንጹሕ ይባላል። ሁለተኛው ሥራው የሸንጎ ነው፤ እጁ ላይ ደም ያልተገኘበት፣ ተከሶ በደል ያልታየበት ሰው ንጹሕ ይባላል። ይህ የአንድ ቃል ሁለት አገልግሎት ለባለቅኔ ሀብት ነው። ይሁን እንጂ ሰሙና ወርቁ ሳይለይ ሲቀር፣ ማለትም የጓዳውን ንጽሕና የሸንጎው ንጽሕና አድርጎ የሚቀበል አእምሮ ሲበዛ፣ ሀብቱ ወጥመድ ይሆናል። ለመሆኑ የታጠበ ነገር ሁሉ ከበደል ነጻ ነውን? ሳይታጠብ የቀረውስ ለዘለዓለም በደለኛ ሆኖ ሊኖር ነውን? ያጠበውስ ሰው የማጠብ መብቱን ከየት አገኘው?

ጥያቄውን በረቂቁ ብናነሣው ለሙግት እንጂ ለመፍትሔ አይመችም። ስለዚህ በእጅ የሚያዝ፣ የሚመዘንና የሚሸተት አንድ ቁስ ይዘን ብንነሣ ይሻላል። ቁሱ የተተኮሰ ጥይት ቀለህ ነው። ስፍራው ጪሮ፣ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ ነው። ጥፋተኛውም፣ ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ የዚህ ጽሑፍ ደራሲ ነው።

* * *

ጪሮ በጨርጨር ተራሮች መካከል፣ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ዛሬ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን በዕድሜ የገፉት ነዋሪዎቿ አሁንም በሁለቱም ስሞቿ ይጠሯታል። ጨርጨርን በ1910ዎቹ ዓ.ም. ካስተዳደሩትና ከተማይቱን ለማቅናት ከደከሙት ሰዎች ዋነኛው ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እኒህ ሰው በልጅነታቸው ዐድዋ የነበሩ፣ በሩሲያ ሀገር የመድፈኛነት ትምህርት የተማሩ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለውን «ፋቡላ»ን የደረሱ፣ ኋላም የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ነበሩ። መድፍና ተውኔት በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ እንዲህ ጎን ለጎን ሲገኙ ጥቂት ያስገርማል። በዚያችው ከተማ፣ በተውኔት ሰበብ፣ ከመሣሪያ ትራፊ ጋር የተገናኘሁበትን ጉዳይ ስጽፍ እርሳቸውን ሳላነሣ ማለፍ አልቻልሁም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከከተማይቱ መምህራን ጋር በመሆን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በምሥራቁ የሀገራችን ክፍል የተካሄደውን ጦርነት መነሻ ያደረገ ተውኔት እናዘጋጅ ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች ስለዚህ ጦርነት ሲጽፉ በነሐሴ 1969 ዓ.ም. በድሬዳዋ የተደረገውን መከላከልና የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. በካራማራ የተገኘውን ድል ያጎላሉ። በየመንደሩ ያለፈው ግን ቀን ያልተቈረጠለት ነበር፤ ሌሊት በመንገድ፣ ቀን በገበያ፣ ስሙ በየትም መዝገብ ባልሰፈረ ጥይት ያለቀውን ሰው የሚያስታውሰው የገዛ ቤተሰቡ ብቻ ነው። ተውኔታችንም ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ጦርነት ነበረ።

ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ ሙሉ ዝናር መታጠቅ ነበረበት። ከካርቶንና ከወርቃማ ወረቀት ብንሠራው የሐረርጌ ተመልካች እንደማይታለልልን ስላወቅን፣ ባዶ ቀለህ በቤቱ ያለው ሰው እንዲያውሰን በትምህርት ቤቶች አስነገርን። ከሚኤሶና ከአሰቦት ቆላ፣ ከሂርና፣ ከበዴሳና ከገለምሶ ደጋ ተማሪዎች በኪሳቸውና በደብተር ቦርሳቸው ይዘው መጡ። አንዱ ቀለህ አፉ በእንጨት ውታፍ ተደፍኖ ለኩል ማስቀመጫ ሲያገለግል የኖረ ነበር። ሌላው በሥሩ ተበስቶ በክር ከሕፃን አንገት ላይ የዋለ ነበር። አንዳንዱ ከቤት ጣሪያ ሣር ውስጥ፣ አንዳንዱ ከእርሻ ትልም፣ አንዳንዱ ከሙዳይ የወጣ ነበር። እያንዳንዱ ታሪኩን ይዞ መጣ፤ እኛ ግን የመዘገብነው ቁጥሩን ብቻ ነው። ሰማንያ ሦስት።

* * *

በከተማይቱ በር፣ መስኮትና የጋሪ አካል እየበየዱ የሚኖሩ አንድ ባለ እጅ ነበሩ። ስድሳ ዓመት የተሻገሩ፣ ንግግራቸው ጥቂት፣ እጃቸው ብዙ የሚያውቅ ሰው ናቸው። ከአሮጌ የውሃ መሳቢያ የወለቀ ሞተር፣ ከወፍጮ የተረፈ ቺንጋ፣ ጥቂት ኩሽኔታና ስድስት ጎን ያለው በርሜል አገናኝተው በአግድም የሚሽከረከር ማጠቢያ ሠርተው ነበር። ቀለሆቹን ወደ እርሳቸው ወሰድንና «ጋሼ፣ መድረክ ላይ እንዲያበሩ አድርገው ይጠቡልን» አልናቸው።

የአሠራሩን ሂደት ጠለቅ ብሎ መመልከት ለጥያቄያችን ይጠቅማል። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ቀለህ ባዶ መሆኑ፣ በሥሩ ያለው ማቀጣጠያም የተተኮሰ መሆኑ አንድ በአንድ ይታያል። ከዚያ ቀለሆቹ ወደ በርሜሉ ይገባሉ። ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ የማይዝግ ብረት ሽቦ ቁርጥራጭ በብዛት ይጨመርባቸዋል፤ ውሃ ይሞላል፤ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙናና ጥቂት የሎሚ አሲድ ይከተላል። በርሜሉ ተከድኖ በዝግታ መዞር ይጀምራል። አሲዱ የነሐሱን ጥቁር ሽፋን ያሟሟዋል፤ ሳሙናው ጥቀርሻውንና ቅባቱን ያንሳፍፈዋል፤ ሽቦው ጣት ሊደርስበት ከማይችለው ከቀለሁ ሆድ ገብቶ ይፍቃል። በዚህ ሥራ ውስጥ መዶሻ የለም፤ እሳትም የለም። ሁሉንም የሚሠራው የብዙ ትንንሽ ነገሮች ያለማቋረጥ መፋተግ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ከዞረ በኋላ ጥቁሩ ውሃ ይፈስሳል፤ ቀለሆቹ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃሉ፤ በውስጣቸው የቀረ ሽቦ ይራገፋል፤ በመጨረሻም በጆንያ ላይ ተዘርግተው ፀሐይ ይሞቃሉ።

ቀለህ የሚሠራበት ነሐስ ከመቶው ሰባው መዳብ፣ ሠላሳው ዚንክ የሆነ ቅይጥ ነው። ባለ እጁ ይህን በቁጥር ባይናገሩትም በተግባር ያውቁታል። አሲድ ከበዛበት ወይም ከመጠን በላይ ከቈየበት ነሐሱ ከላዩ ዚንኩን እያጣ ይቀላል፤ ወርቃማው መልኩ ወደ መዳብ መልክ ይለወጣል። እንዲያውም «ማጠብ ልክ አለው፤ ልኩን ካለፈ እድፉን ብቻ ሳይሆን ዕቃውንም ይዞት ይሄዳል» ብለውኝ ነበር። ቃሉን ያን ጊዜ የሰማሁት እንደ ሞያ ምክር ነበረ።

ፀሐዩ ላይ የተዘረጉትን ቀለሆች ስመለከት የተሰማኝ ደስታ፣ አሁን ሳስበው፣ የሚያሳፍር ነበር። ሰማንያ ሦስቱም አንድ መልክ ሆነው ያበሩ ነበር። የኩሉ ብልቃጥ ከእርሻው ትልም ከወጣው አይለይም፤ በሣር ጣሪያ ውስጥ የጠቈረው ከሙዳይ ከወጣው አይለይም። መምህራኑም እኔም «እንደ አዲስ ሆኑ!» እያልን ተደነቅን። «እንደ አዲስ» የሚለው ሐረግ ምን ማለት እንደሆነ ግን አንዳችንም አልጠየቅንም። ያልተተኮሰ እንደሚመስል፣ ማንንም እንዳልመታ እንደሚመስል መናገራችን ነበርና።

* * *

ቀለሆቹን በዝናሩ ላይ ልንሰካ ስንዘጋጅ አንዲት በሰባዎቹ ዕድሜ የሚገኙ እናት የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ወደ ሥራ ቤቱ ገቡ። ልጁ አንገቱን ደፍቷል። ቀለሁን ከሙዳያቸው አውጥቶ ያመጣው ሳያስፈቅድ ኖሯል። እኛም አስፈቅዶ እንደሆነ አልጠየቅነውም ነበር።

«ልጄ፣ የኔን ቀለህ ልወስድ ነው የመጣሁት» አሉኝ።

«እማማ፣ ተውኔቱ እንዳለቀ ቤትዎ ድረስ እናመጣልዎታለን» አልኋቸው።

«ያንን ቀለህ በ70 ዓ.ም. ወንድሜ ከወደቀበት ስፍራ ያነሣሁት ነው። ከሙዳዬ ወጥቶ አድሮ አያውቅም።»

የተናገሩት ይህን ብቻ ነው። ቀለሁ ከማን ጠመንጃ እንደወጣ፣ ከወንድማቸው ይሁን ወንድማቸውን ከመታው፣ አልነገሩኝም፤ ምናልባትም አያውቁት ይሆናል። እኔ ወደ ጆንያው ጐንበስ አልሁ። ከሰማንያ ሦስቱ አንዱን፣ አፉ ጥቂት ጐበጥ ያለውን አነሣሁ። ሰጥቻቸው «ይኸው» ብል ኖሮ ማን ያውቃል? እርሳቸው ይጽናኑ ነበር፤ እኛም ሥራችንን እንቀጥል ነበር። በዚህ መካከል ባለ እጁ ከኋላዬ ሆነው ዝቅ ባለ ድምፅ «ወንድሜ፣ የማታውቀውን አትስጥ» አሉኝ።

እጄን መለስሁ። ሁሉም አብረው መታጠባቸውን፣ የእርሳቸው የትኛው እንደሆነ መለየት እንደማልችል ነገርኋቸው። አልተቈጡም። በጆንያው ዳር ቁጭ ብለው አንድ በአንድ እያነሡ ወደ ብርሃን አዩ፤ አንዳንዱንም አሸተቱ። በመጨረሻም ሁሉንም ወደ ስፍራው መልሰው ተነሡ።

«እኔ የማውቀው በጥቁረቱ ነበር። ይኸ አሁን የማንም ነው» አሉና ልጁን ይዘው ሄዱ።

* * *

ከዚህ በመነሣት የመጀመሪያውን አቋም እንመርምር። ይህ አቋም «አትጠቡ» የሚል ነው። ጥቁረት እድፍ ብቻ አይደለም፤ ማስረጃም ነው። ጥቀርሻው ባሩዱ የነደደበት፣ አረንጓዴው ዝገት ቀለሁ በዝናብ የቈየበት፣ ጭረቱ ከጠመንጃው የተፈናጠረበት ምስክር ነው። በየሙዚየሙ ጥንታዊ ዕቃ የሚጠብቁ ባለሞያዎች በአሮጌ ነሐስ ላይ ያለውን ሽፋን በችኮላ የማይፍቁት በዚሁ ምክንያት ነው፤ የዕቃው ዕድሜና ታሪክ ያለው በዚያ ሽፋን ላይ ነውና። ለእኒያ እናት ደግሞ ከማስረጃም በላይ ነበር። መቃብር ባልተሠራለት፣ ፎቶግራፍ ባልተነሣ ሰው ፈንታ የተቀመጠ ነገር ነበር።

ይሁን እንጂ ይህን አቋም እስከ መጨረሻው ብንከተለው ወዴት ያደርሰናል? ጦርነት ባለፈበት ሀገር ሁሉም ነገር እንደጠቈረ ይቀመጥ ብንል ሀገሩ በሙሉ የኀዘን ዕቃ ቤት ይሆናል። ሕይወት ደግሞ ዕቃ ትፈልጋለች። ሕዝባችንም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ኰረዳዋ ኩሏን በቀለህ ውስጥ አስቀምጣ ዐይኗን ትኳላለች። በገጠር ባዶ የመድፍ ቀለህ ከዛፍ ላይ ተሰቅሎ ሲመታ ተማሪ ወደ ክፍሉ፣ ምእመን ወደ ደጀ ሰላሙ ይሰበሰባል። በእንጦጦ ተራራ አካባቢ፣ ብዙዎቹ ለጠበል መጥተው በዚያው የቀሩ፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ ሴቶች፣ ከጦር ሜዳ የተሰበሰበ ነሐስ ቀልጦ የሚሠራበትን ጨሌ እየሰኩ ዳቦ የሚገዙበት ሥራ አግኝተዋል። በሞዛምቢክ እስከ 1992 እ.ኤ.አ. የቈየው የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ በኋላ፣ የሀገሪቱ የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መሣሪያን በእርሻና በስፌት መሣሪያ የሚለውጥ ሥራ አካሂዷል፤ የሀገሪቱ ቀራጭ ክሪስቶቫው ካንያቫቶ፣ በጥበብ ስሙ ኬስተር፣ በ2001 እ.ኤ.አ. ከተሰባበሩ ጠመንጃዎች የሠራው ወንበርም በለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየም ይገኛል። ከሶቪየት ኅብረት በ1959 እ.ኤ.አ. ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የተበረከተው፣ ሰይፍ ቀጥቅጦ ማረሻ የሚያደርገው የቩቼቲች ሐውልትም ይህንኑ የሰው ልጅ የቈየ ምኞት የሚያሳይ ነው።

እኔ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ ተማሪዎቹ ካመጧቸው ቀለሆች በአንዱ ያየሁት ነው። ባለቤቱ በእጅ ለመያዝ ያጠረውን እርሳሱን በቀለሁ አፍ ውስጥ ሰክቶ እያስረዘመ ይጽፍበት ነበር። በአማርኛ እርሳስ የምንለው ከጠመንጃ አፍ የሚወጣውንም፣ ተማሪ የሚጽፍበትንም ነው። አንዱ እርሳስ የወጣበትን ባዶ ስፍራ ሌላው እርሳስ ሞላው። በቀለህና በቀለም መካከል ያለው ልዩነትም አንድ ፊደል ብቻ ነው። ይህን ልጅ «የጦርነት ማስረጃ አበላሸህ» ብሎ የሚወቅስ ዳኛ ካለ ዳኝነቱ ይቅርብን።

* * *

እንግዲህ ሁለተኛው አቋም «እጠቡ፣ ለሕይወት አውሉት» የሚለው ነው። በዚህ አቋም ልባችን ቶሎ ስለሚረካ ይበልጥ ልንጠነቀቅ ይገባል። ምክንያቱም ማጠብ በራሱ ወደ ሰላም የሚመራ ሥራ አይደለም። ይህን መሰል የሚሽከረከር ማጠቢያ በሌላው ዓለም በይበልጥ የሚሸጠው ለዒላማ ተኳሾችና ለአዳኞች ነው። እነርሱ ቀለሁን አጥበው፣ አዲስ ማቀጣጠያ፣ አዲስ ባሩድና አዲስ እርሳስ ሞልተው መልሰው ይተኩሱበታል። ቀለህ የሚጸዳው እንደገና ጥይት እንዲሆን ነው ማለት ነው። በእኛም ሀገር ጥይት ከባሕር ማዶ በብዙ ድካም በሚመጣበት ዘመን ቀለህ መልቀምና መልሶ መሙላት የታወቀ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ጥይት ራሱ በገበያ ላይ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይመነዘር እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች አረጋግጠዋል። በአንድ እጅ ጨው የሚገዛ፣ በሌላ እጅ ነፍስ የሚያጠፋ ያው አንድ ነሐስ ነበር።

ስለዚህ የታጠበ ቀለህ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል፤ ደወል ወደመሆን ወይም ጥይት ወደመሆን። ማብራቱ የትኛውን እንደሚሄድ አይነግረንም። ወርቃማው መልክ ለሁለቱም እኩል ያገለግላል። ቅርፁን ብቻ አይቶ ይዘቱን የሚፈርድ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የኪነ ጥበብ ሰዎችም የምንሳሳተው ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው፤ ጦርነትን በሚያምር ቃልና በሚያበራ ዝናር ስናቀርብ፣ ተመልካቹ ያጨበጨበው ለሰላሙ ይሁን ለዝናሩ አናጣራም።

ስለ ንጽሕና ካነሣን ዘንድ ሌላም ሊታለፍ የማይገባው ነገር አለ። በሀገራችን የቈየ ልማድ ተኳሹ ይፎከርለታል፣ ይሸለማል፤ ብረቱን የሚያቀልጠውና የሚቀጠቅጠው ግን በአማርኛ ቡዳ፣ ጠይብ እየተባለ፣ በኦሮሚኛም ቱምቱ ተብሎ ተለይቶ፣ ከማዕድና ከጋብቻ ይገለል ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን የሚሰድቡትን የሚያወግዝ ዐዋጅ ማስነገራቸው ነቀፋው የቱን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያመለክታል። የገደለው እጅ ንጹሕ፣ የሠራው እጅ እድፋም! በዚያ ሥራ ቤት ውስጥ ግን እውነቱ ተገልብጦ ቆመ። ጥፍራቸው በጥቀርሻ የጠቈረው ባለ እጅ «የማታውቀውን አትስጥ» ሲሉ፣ እጁን በሳሙና የታጠበው የተማረ ሰው ሊዋሽ ጐንበስ ብሎ ነበር። ከሁለታችን ንጹሑ ማን ነበር?

* * *

ሂደቱን ለዋናው ነገር ብቻ ሳይሆን ለተረፈውም መመርመር ያስፈልጋል። እድፉ ወዴት ሄደ? ከበርሜሉ የወጣው ጥቁር ውሃ የጥይቱ ማቀጣጠያ ትቶት የሚሄደው እርሳስ፣ ማለትም መርዛማው ማዕድን፣ ይገኝበታል። ቀለህን በደረቁ መፈተግ ይህንኑ መርዝ በአቧራ መልክ ወደ ሳንባ ይልከዋል፤ በውሃ ማጠብ አቧራውን ያስቀራል፤ መርዙ ግን በውሃው ውስጥ አለ። ባለ እጁ ውሃውን ወደ ቦይ አይለቁትም ነበር። በሰፊ ገንዳ አስቀምጠው ውሃው እስኪተን ይጠብቁና ዝቃጩን በቆርቆሮ ለይተው ያኖራሉ። «ከታች የሚጠጣ አለ» ይላሉ።

ይህ አባባል ከሳይንስ ታሪካችን አንድ ታላቅ ምዕራፍ ያስታውሰናል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዐድዋ፣ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ስፍራ ወደ ታች በሚወርደው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያን በሽታ ለመከላከል የሚያገለግለውን የእንዶድን ኃይል ያገኙት ከዚህ ነበር። ሌላው ሰው የታጠበውን ልብስ ሲመለከት እርሳቸው የታጠበበትን ውሃ ተመለከቱ። በዐድዋ ውሃው በጎ ነገር ይዞ ወረደ፤ ከቀለህ የሚወርደው ግን እንዲህ አይደለም። ሆኖም ትምህርቱ አንድ ነው። የታጠበ እድፍ አይጠፋም፤ ስፍራ ይለውጣል። አንድ ኅብረተሰብ ያለፈ ጦርነቱን ከመድረክ፣ ከመማሪያ መጽሐፍና ከአደባባይ አጥቦ ሲያስወግድ፣ እድፉ በአንዲት እናት ሙዳይ ወይም በአንድ ልጅ ዝምታ ውስጥ ይከማቻል። «ከታች የሚጠጣ አለ»።

ሌላም ምሳሌ ከራሱ ከነሐሱ ጠባይ እንውሰድ። በሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በዝናብ ወራት በፈረስ ጋጥ አካባቢ ያከማቸው ጥይት፣ ማንም ሳይነካው፣ ቀለሁ እየተሰነጠቀ ያስቸግር ነበር። በ1921 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ምክንያቱን ገለጸው። ቀለሁ በፋብሪካ ተስቦ ሲሠራ በውስጡ የቀረ ውጥረት አለ፤ ከፈረስ ሽንት የሚነሣው አሞኒያ ሲደርስበት ያ የተደበቀ ውጥረት ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ከውጭ የሚያበራ ነሐስ በውስጡ የሚሰብረውን ነገር ተሸክሞ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። መድኃኒቱም ማጠብ ሆኖ አልተገኘም። ውጥረቱ እስኪረግብ ድረስ ነሐሱን በመጠነኛ ሙቀት ማሞቅ ነው። ከጦርነት በኋላ ያለ ሕዝብም ከዚህ የራቀ ጠባይ ያለው አይመስለኝም። ላይ ላዩን ቢወለወል ያበራል፤ ውጥረቱን የሚያረግበው ግን ቀስ ያለ ሙቀት፣ ማለትም መነጋገርና መደማመጥ ነው።

* * *

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። «ይታጠብ» እና «አይታጠብ» የሚሉት ሁለት አቋሞች እንደ ተቃራኒ ቢታዩም ሁለቱም አንድ ነገር ይዘነጋሉ፤ ይኸውም ቅደም ተከተልን ነው። በደሉ ያለው በማጠቡ ሳይሆን ሳይጠይቁ በማጠቡ ላይ ነው። እኛ የሰማንያ ሦስቱን ቀለሆች ባለቤቶች ጠይቀን፣ የእያንዳንዱን ታሪክ ጽፈን፣ የማይታጠበውን ለይተን ቢሆን ኖሮ ያው በርሜል፣ ያው ሳሙናና ያው ሎሚ በደል አይሆኑም ነበር። ስለዚህ ከዚህ ጉዳይ ሦስት ግዴታዎችን ለማውጣት እደፍራለሁ። አንደኛ፣ ከማጠብ በፊት ማወቅና መመዝገብ ይገባል። ሁለተኛ፣ የሚታጠበውን የሚወስነው ቁስሉ የደረሰበት ሰው መሆን አለበት፤ መድረኩ ያማረለት ወይም በዓሉ የደመቀለት ሰው አይደለም። ሦስተኛ፣ ያጠበ ሰው ለሚፈስሰው ውሃ፣ እንዲሁም የታጠበው ነገር ነገ ለሚውልበት ሥራ ተጠያቂ ነው።

እነዚህ ግዴታዎች በተለይ የሚመለከቱት የዚህን መጽሔት አንባብያን ነው። መምህሩ ታሪክ ሲያስተምር ያጥባል፤ ሰባ ሺህ ኀዘን በአንድ ቀንና በአንድ የቦታ ስም ጠቅልሎ ያቀርባል። የሕዝብ አስተባባሪው ዓመት በዓል ሲያዘጋጅ ያጥባል። እኛ ደራስያን ከሁሉም በላይ እናጥባለን፤ የሰው መከራ በእጃችን ገብቶ ሲዞር ቈይቶ ለስላሳና የሚያበራ ሆኖ ይወጣል። ሳይታጠብ ሊነገር አይችልም፤ ይህን አልክድም። ቢሆንም ከመታጠቡ በፊት የማን እንደነበረ ማወቅ ይቻል ነበር።

በአንድ ነገር ግን ማጠቡ አጋልጧል እንጂ አልሸፈነም። ጥቀርሻው ሲለቅ በቀለሆቹ ሥር የተቀረጸው የፋብሪካ ምልክትና የተሠሩበት ዓመት ቍልጭ ብሎ ታየ። ከሩቅ ሀገር፣ ከልዩ ልዩ ፋብሪካ የመጡ ነበሩ። ነሐሱ ማን እንደሠራው ይናገራል። ማን እንደተኰሰውና ማንን እንደመታ ግን አይናገርም። ያንን የሚናገሩት እናቶች ናቸው፤ እነርሱም የሚናገሩት ሲጠየቁ ብቻ ነው።

ተውኔቱ በተባለው ቀን ታየ። ዝናሩ ብርሃን ሲያርፍበት አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ጭብጨባውን ስሰማ ደስታ አልተሰማኝም። በማግስቱ ከመምህራኑ ጋር አንድ ደብተር ይዘን ቀለህ ያዋሱንን ሰዎች እየዞርን መጠየቅ ጀመርን። መቅደም የነበረበት ሥራ በመጨረሻ መሠራቱ መሆኑ ነው። አንዳንዱ ብዙ ነገረን፤ አንዳንዱ «ምን ያደርግላችኋል?» ብሎ ሸኘን።

ወደ እኒያ እናት ቤት የሄድሁት ብቻዬን ነበር። ባዶ እጄን ነው የሄድሁት፤ የምመልሰው አልነበረኝምና። ቡና አፈሉልኝ። ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ይቅር ብያለሁ ወይም አላልሁም አላሉም። በሁለተኛው ሲኒ ላይ ስለ ወንድማቸው መናገር ጀመሩ፤ ስለ አካሄዱ፣ በሬ ሲጠምድ ስለሚያንጐራጉረው፣ በዚያ ጧት ቁርስ ሳይበላ ስለ መውጣቱ። ደብተሩን ለማውጣት አፈርሁ። ይህን አይተው ነው መሰል፣ ሦስተኛውን ሲኒ እየቀዱ፣ «ይዘህ የመጣኸው ለመጻፍ አይደል? እንግዲህ ጻፈው፤ እንደነበረ ጻፈው» አሉኝ።

ጻፍሁት። ስሙ በደብተሩ ላይ ነው፤ በእርሳቸው ፈቃድ እንጂ በእኔ ፈቃድ ወደ ማተሚያ ቤት አይሄድም። ከሰማንያ ሦስቱ ቀለሆች አንዱ የእርሳቸው ነው፤ የትኛው እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ዕዳው ስለተጻፈ አልተከፈለም።